ኩኪ የት ትደር

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7፣ 1991

ይህን ደብተር የገዛሁት ለኢሽራቅ ነበር። መስመሩ ጠባብ ነው ብላ አልፈልግም አለች። ደሴ አራተኛ ክፍል ሳስተምር በየቀኑ እጽፍ ነበር። እዚህ ሰው አገር ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከፎርም በቀር የጻፍኩት የለም። እስቲ ልሞክረው።

ትናንት ኢሽራቅ ከትምህርት ቤት ትልቅ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ውስጡ ሁለት እንስሳ። አይጥ መስለውኝ ጮህኩ። ጭራ የላቸውም፤ አንዷ ቡናማ ናት፣ አንዷ ጥቁርና ነጭ። ሲርባቸው እንደ ዘበኛ ፊሽካ ያፏጫሉ።

«ምንድን ናቸው?»

«ጊኒ ፒግ።»

«ፒግ? አሳማ ነው ቤቴ ያመጣሽብኝ?»

«አሳማ አይደሉም ማሚ። ስማቸው ብቻ ነው።»

«ጊኒውስ? ጂኒ ነው?»

ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ከካርቶኑ ጋር የተላከውን ወረቀት አነበብኩ። እንስሶቹ የክፍሏ ነበሩ። ዘንድሮ አለርጂ ያለበት ልጅ ገብቷል፤ ግቢ ያለው ቤተሰብ ፈርሞ ይውሰዳቸው ይላል። ከታች የእኔ ፊርማ አለ። እኔ ግን አልፈረምኩም።

ነካ አደረግኋት። ጉንጯ ላይ፣ በመዳፌ፣ አንዴ ብቻ። ውሸት ስለማልወድ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሰው ፊርማ መስረቅ ከየት ተማረች? እኔ እንዲህ ባደርግ አባቴ ቆዳዬን ይገፈው ነበር። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል። እሷ ግን አላለቀሰችም። ካርቶኗን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ቡናማዋን ኩኪ፣ ጥቁርና ነጯን ፔፐር ብላቸዋለች።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሥራ ቦታ። እረፍት። አሥራ አምስት ደቂቃ።

ሚስተር ኦልሰን ደረቴን በቡጢ መታኝ። ካልሲ ላለብሰው ተንበርክኬ ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ባቡር ላይ ዕቃ ሲጭን የኖረ። የልጆቹን ስም ረስቷል፤ ቡጢውን አልረሳም። እዚህ ሆፕኪንስ ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንደሱ ያለ አልገጠመኝም።

አለቃችን ነርሷ «አውቆ አይደለም» አለችኝ። «እጁን አትያዢው። አንድ እርምጃ ወደኋላ በዪ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ተመለሺ።»

አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። አምስት ደቂቃ ቆይቼ ተመለስኩና ካልሲውን አለበስኩት።

ስተነፍስ ይወጋኛል። ደወል ተደወለ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ቤቱ ሸተተ። የምሰግደው ሳሎን ነው፣ ሌላ ቦታ የለኝም። ካርቶኑ የሚቀመጠውም እዚያው። ዛሬ ለመግሪብ ልቆም ስል የመስገጃዬ ጠርዝ ረጥቧል። ሽንት ነው። በሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ አጠብኩት። ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ ሰላጣ የመጣላቸው መስሏቸው ያፏጫሉ፤ ፉጨቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

እትዬ ስመኝ ወረዱ። ከእኛ በላይ ያለውን ቤት የተከራዩ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፣ ክርስቲያን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። መስኮት ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ቀድመውኝ ስለሚገቡ ኢሽራቅን ከትምህርት በኋላ የሚያዩልኝ እሳቸው ናቸው። አባቷ ፈዋዝ ሂዩስተን ሄዶ ሌላ ትዳር ከያዘ ሦስት ዓመት ሆነው።

ካርቶኑን አጎንብሰው አዩ።

«አሳማ ነው የምትለኝ ይቺ ልጅ?»

«ስሙ ብቻ ነው ትላለች፣ እትዬ።»

«አንቺ አትበዪ፣ እኔ አልበላ፣ ምን ሊሠራልን መጣ ታዲያ?»

ከልቤ ሳቅኩ። ደረቴን አመመኝ።

ኢሽራቅ ከላይብረሪ መጽሐፍ አምጥታ እየተረጎመች አነበበችልን። ብርድ አይችሉም። ሙቀትም አይችሉም። ቤት ውስጥ ቢሆኑ ይመረጣል። ውጭ ከሆኑ ከነፋስ፣ ከዝናብና ከአውሬ የሚከልል ጠንካራ ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን የግድ ወደ ውስጥ ይግቡ ይላል።

«ይኸው ማሚ፣ ውስጥ ይላል።»

«ውጭም ይላል።»

«እናቴ ዶሮዎቿን አልጋ ሥር ነበር የምታሳድር» አሉ እትዬ ስመኝ። «አንድም ቀን ሸተቱኝ ብላ አታውቅም።»

ለእሳቸው ቀላል ነው። ከላይ አይሸትም።

ወሰንኩ፤ ውጭ ያድራሉ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21

ጥሩ ቀን። እትዬ ስመኝ ከፋብሪካቸው ውዳቂ እንጨት አምጥተው የእንስሶቹን ቤት ሠሩ። ጓሮ፣ ጋራዡን አስደግፈው። ጣሪያው ዘንበል ያለ፣ ፊቱ በሽቦ፣ እግር ያለው። ኢሽራቅ ምስማር አቀባይ ነበረች። ድርቆሹን እኔ ጎዘጎዝኩ። ሦስታችንም ሣሩ ላይ ተቀምጠን ሐብሐብ በላን፤ ልጣጩን ለእነሱ ሰጠን። ኢሽራቅ ጭኔ ላይ ጋደም አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ክፉ እናት አይደለሁም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 25

አውቶቡስ ውስጥ። ኦልሰን የእጄን አንጓ ጠመዘዘ፣ አብጧል። ትናንት ስገባ ሳህን አልታጠበም፣ የቤት ሥራ አልተሠራም፤ ጓሮ ከእንስሶቿ ጋር ነበረች። ቆነጠጥኳት። ጭኗ ላይ፣ ከቀሚሷ በታች። ሰው አያየውም።

ይህን ለምን ጻፍኩ? አንጓዬ ነው ያመመኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ኢሽራቅ ሌላ ነገር አታወራም። ቁርስ ላይ «ማሚ በረዳቸው»፣ እራት ላይ «ማሚ በረዳቸው»።

«እስከ ኖቬምበር ይቆያሉ» አልኳት።

«መጽሐፉ እንደዚያ አይልም።»

«መጽሐፉ ነው ወይስ እኔ ነኝ እናትሽ?»

ዝም አለች። አሁን አሁን ዝም ማለት ለምዳለች፤ ጥሩ ነው፣ ሥርዓት እየያዘች ነው።

ዛሬ ስመጣ በጋራዡ ጎን ዞሬ ስገባ ድምፅዋን ሰማሁ። ሽቦው ላይ አፏን አስጠግታ በእንግሊዝኛ ታወራቸዋለች። «ዝም በሉ። አትጩኹ። ጥሩ ሁኑና አትቆጣም።»

ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ሱብሂ ሰግጄ ሳበቃ ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። ፉጨት አልነበረም፤ ልጅ ሲጮኽ ዓይነት ነው። በኩሽናው በር ወጣሁ። ገና እየነጋ ነው። ራኩን ነበር፤ ያ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነው፣ እጁ የሰው እጅ የሚመስለው። ሽቦውን ከጥጉ ፈልቅቆ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ፔፐርን ጎትቶ አውጥቷታል። ሆዷ ተከፍቷል። ኩኪ ከኋለኛው ግድግዳ ተለጥፋ ትንቀጠቀጣለች።

አካፋው ጋራዡ አጠገብ ነበር።

የመጀመሪያው ምት ጀርባው ላይ አረፈ። ፔፐርን ጣላትና ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ። ሁለተኛው ጭንቅላቱን አገኘው። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። አካፋው ሲያርፍ መጀመሪያ የአጥንት ድምፅ ነበረው፤ ቆይቶ ለሰለሰ። ደም ከንፈሬ ላይ ተረጨ። መዳፌ ሲላጥ አልተሰማኝም። ሰው ስሜን ይጠራል።

«ሙፈሪያት! ሞቷል! ሞቷል እኮ!»

እትዬ ስመኝ ነበሩ፣ የውጩ ደረጃ ላይ፣ ጋቢ እንደተከናነቡ። ወርደው የአካፋውን እጀታ ያዙ።

«መሬቱን ነው እኮ የምትመቺው፣ ልጄ።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ሣሩ ተገልብጦ ጥቁር አፈር ወጥቷል።

ቀና ስል ኢሽራቅ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ፔፐርን አልነበረም የምታየው። ራኩኑንም አልነበረም።

ፔፐርን በፎጣ ጠቅልለን ቀበርናት። ኢሽራቅ እንባ አላወጣችም። «ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ ማሚ፤ ታንክ ዩ» አለችኝ፤ እንግዳ ውሃ ሲያቀብላት በምትለው ድምፅ።

ለእሷ ነው። የልጄን እንስሳ ሲበላ ቆሜ ልይ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ኩኪን አስገባኋት። ሳሎን ጥግ፣ ከሶፋው ኋላ። ኢሽራቅ የምትደሰት መስሎኝ ነበር። «ውጭ ጋራዡ ውስጥ ብናደርጋት አይሻልም?» አለችኝ።

«ሳምንቱን ሙሉ ውስጥ ውስጥ ስትዪ አልነበር?»

«ጋራዡ በር አለው» አለች። «ይዘጋል።»

እንስሳ ልጅን ግራ ያጋባል።

እራት ስሠራ ጨው ላወርድ ከራሷ በላይ ወዳለው ቁም ሳጥን እጄን ዘረጋሁ። ተሸማቅቃ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ ጨውን ስታይ የተከመሩትን ሳህኖች ማስተካከል ጀመረች። ራኩኑ አስደንግጧታል። ልጅ ፊት እንደዚያ ማድረግ አልነበረብኝም። አውፍ በለኝ ያ ረቢ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ልብስ ሳጥብ እትዬ ስመኝ ስልክ ላይ ናቸው፤ ድምፃቸው በማሞቂያው ቱቦ ቁልቁል ይመጣል። «አይደለም፣ ክፉ ሴት አይደለችም። ደክሟት ነው። ግን ልጅቷ አሁን አሁን ከእኔ ቤት አልወርድም ትላለች…» ከዚያ ውሃ ከፈቱ።

የማን ልጅ ይሆን? ፋብሪካቸው ውስጥ ብዙ ሐበሻ አለ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ዛሬ መጥፎ ነገር አደረግኩ፤ መጻፍ አለብኝ።

ኦልሰንን ከሻወር እያወጣሁት ፊቴ ላይ ተፋብኝ፤ ከዚያ በክርኑ ጉንጬን መታኝ። ከእኔ ጋር የነቀምቷ ሎሚ ነበረች፣ አብረን የምንሠራ። ክንዱን ያዝኩት። ወደኋላ አላልኩም። ያዝኩትና ጨመቅኩት። ቆዳው እንደ ወረቀት ነው፤ ጣቶቼ ሲሰምጡ ይሰማኛል። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እጅሽን ፍቺው» አለች ሎሚ፤ አልጮኸችም። «ሙፈሪያት፣ ፍቺው።»

ፈታሁት። አራት ቀይ ምልክት። ሎሚ ሎሽን ቀባችው፣ እጅጌው ረዥም የሆነ ፒጃማ አለበሰችው። ኮሪደር ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረችኝ። «ለዛሬ አላየሁም። ነገ ግን አያለሁ።»

ማታውን ሳስበው፤ በሦስት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው በሽተኛ ላይ እጄ ያጠፋው። ስንቴ መቶኝ ስንቴ ትቼዋለሁ። ጨዋ ስለሆንኩ ነው ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ሎሚ ስታየኝ የፈራሁት ለሥራዬ ነው። እዚያ የሚያይ አለ፣ የሚጽፍ አለ፣ የሚጠይቅ አለ። እዚህ ማን አለ?

ይህን ገጽ ልቀደው ነበር። ከኋላው የኢሽራቅ ሥዕል አለበት፤ ሳላያት ኩኪን ሥላበታለች። ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 29

አውቶቡስ።

እህቴ ቱባ ከደሴ ቴሌ ቀጠሮ ይዛ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ትደውላለች ተብሏል። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ከሩብ። ስልኩን ባነሳው ድምፅ የለውም። ከሶፋው ኋላ አየሁ። ገመዱ ተበልቷል። ኢሽራቅ ትናንት ኩኪን ለቃት ነበር።

ገመዱን ነቀልኩት።

እጄ ላይ ነበር።

ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ኩኪን ከእንጨት ቤቷ ጋር ጋራዥ አስገብቼ ዘጋሁባት። ኢሽራቅን ጥቁሩን ወፍራም ስቶኪንግ አልብሻታለሁ። ይበርዳልና።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

ኢሽራቅ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔም ሥራ። ምንም የለም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ሁሉ ተዘግቷል። ትምህርት ቤት የለም፣ አውቶቡስ የለም፣ መኪኖቹ የበረዶ ክምር ሆነዋል። ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፍ።

ከቀትር በኋላ በረዶ መጣል ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስወጣ እግር ይሸፍን ነበር። ሁለተኛው አውቶቡስ ሌክ ስትሪት ላይ ተይዞ ቆመ፤ የቀረውን በእግሬ መጣሁ። ሃሎዊን ነው፤ ጭምብል ያጠለቁ ልጆች በካፖርት ላይ ክንፍ ለብሰው ከረሜላ ሊጠይቁ ከቤት ቤት ይሮጣሉ። ኢሽራቅንም ከመሃላቸው ፈለግኋት፤ ምናልባት እትዬ ስመኝ ይዘዋት ወጥተው ይሆናል ብዬ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገባሁ። ቤቱ ጨለማ ነው። ቦርሳዋ በር ሥር አለ። ወደ ላይ ወጣሁ። እትዬ ስመኝ ጫማቸውን ገና እያወለቁ ነው።

«ኢሽራቅስ?»

«አንቺ ጋ አይደለችም እንዴ? እኔም አሁን መግባቴ ነው፤ መንገድ ይዞኝ።»

ሁለታችንም ተያየን። ስልኬ ከተቆረጠ ሦስት ቀኑ ነው፤ ብትደውል የት ትደውላለች?

ስሟን እየጠራሁ መንገዱን እስከ ጥግ ሮጥኩ። በረዶው ድምፅ ይውጣል። አንዱን ባለ ጭምብል ልጅ ትከሻውን ይዤ ጎተትኩት፤ እሷ አይደለችም፤ አባቱ ገፈተረኝ። እትዬ ስመኝ ከጓሮ ጮኹ። «ሙፈሪያት! ጋራዡ!»

የጋራዡ በር ከውስጥ በብስክሌት ሰንሰለት ታስሯል። በቀዳዳው ሳይ ድርቆሽ ይታየኛል።

«ኢሽራቅ፣ ክፈቺ!»

በሩን ጎተትኩት።

«ክፈቺ ብያለሁ!»

በሩን በእግሬ መታሁት። ደገምኩ። የሆነ ነገር ጮኽኩ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም። እትዬ ስመኝ ክንዴን ይዘው ወደኋላ ጎተቱኝ። አቅም እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«አንቺ እዚያ ሂጂ። እዚያ፣ አጥሩ ጋ። አንዲት ቃል እንዳትናገሪ።»

ሄድኩ። ቆምኩ። በረዶው ራሴ ላይ ይወርዳል። እሳቸው በሩ ሥር ቁጭ ብለው ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ። ስለ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ረዥም ጊዜ ነው። በመጨረሻ የኢሽራቅ ድምፅ መጣ፣ ከንፈሯ ደንዝዞ ቃሉ ይጎተታል።

«ሄዳለች?»

«አጥሩ ጋ ናት። እኔ ነኝ እዚህ።»

«እዚህ ይሻለናል። ኩኪም እኔም። እዚህ አይሞቅም ግን ይዘጋል።»

ከዚያ ሰንሰለቱ ተንቃጨለ።

ካፖርቷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ፣ ኩኪ አለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ በሰውነቷ ስታሞቃት ነበር። ስኒከሯ ርሷል፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ልይዛት ስሄድ ኩኪን በሁለት እጇ ከልላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከእኔ ነው የከለለቻት።

እትዬ ስመኝ ተሸክመው ወደ ቤታቸው አወጧት። ተከተልኳቸው። በሩን አልዘጉብኝም። ለብ ያለ ውሃ አቅርበው እርጥቡን ስቶኪንግ ሊያወልቁላት ጎተቱ። ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል። ኢሽራቅ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ወጣ።

አዩት።

ከጉልበቷ ጀርባ እስከ ዳሌዋ ሰንበር። አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ ጠግገው አሁን እንደገና የተከፈቱ።

እትዬ ስመኝ ፎጣ አለበሷት። ከዚያ ዞረው ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ «ከታች ሰማሁ። ማክሰኞ ጠዋት። ሰማሁና ራዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። እግዜር ይየን። እኔንም አንቺንም።»

ወደ ቤቴ ወረድኩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

አሁንም ይጥላል። የመንገዱን በር መክፈት አይቻልም። ኢሽራቅ ላይ ናት። ስትሄድ ኮቴዋ ይሰማኛል፤ ከአልጋ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ ፍሪጅ። ፍሪጁ ሲከፈት ኩኪ ታፏጫለች፣ ሁለቱ ይስቃሉ። ሳቋ ደህና ነው።

የደብተሩን መጀመሪያ ገልጬ አነበብኩ። «ነካ አደረግኋት» ይላል። የፊቷን ግማሽ የሸፈነ ጥፊ ነበር። «ቆነጠጥኳት» ይላል። ደም ቋጥሮ ነበር። ክፉ እናት አይደለሁም ይላል። ማን ጠይቆኝ ነው የመለስኩት?

አባቴ ሲመታኝ አንድ ቃል ነበረው። «ጨርሻለሁ፣ ሂጂ።» እኔ እንኳን እሱን አላልኳትም።

እትዬ ስመኝ አመሻሹ ላይ ምስር ወጥ ይዘው መጡ። አልገቡም፤ ሳህኑን ደጃፍ ላይ ያዙ።

«ጣቷ ሐኪም ማየት አለበት። መንገዱ ሲጠረግ ክሊኒክ እንሄዳለን፣ ሦስታችንም። ይጠይቃሉ። አንቺ ትናገሪያለሽ ወይስ እኔ ልናገር?»

«ይወስዱብኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ይወስዱብሽ ይሆናል።»

«ሥራዬንስ? ሥራዬን ካጣሁ…»

«ሙፈሪያት» አሉኝ። «የጠየቅኩሽ አንድ ነገር ነው።»

ሳህኑን ተቀበልኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ክሊኒክ ሄድን። ሰው በበረዶው ውስጥ ጠባብ መንገድ ቆፍሮ ያልፋል፤ ሁለቱም ወገን ከኢሽራቅ ቁመት ይበልጣል። በመካከላችን እትዬ ስመኝ ነበሩ። ኢሽራቅ የእሳቸውን እጅ ነው የያዘችው።

ጣቶቿ ይድናሉ፤ የትንሿ ጣት ቆዳ ይላጣል እንጂ ሌላ አይሆንም አሉ። አልሃምዱሊላህ። ከዚያ ነርሷ ሱሪዋን ከፍ አደረገች። እጇ ቆመ።

«ይሄስ ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ማር?»

ኢሽራቅ አላየችኝም። ወለሉን እያየች በእንግሊዝኛ መለሰች።

«የኩኪ ቤት ሽቦ ነው። ወድቄበት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እየሮጥኩ ነበር።»

አንድም አልተንተባተበችም። ተዘጋጅታበታለች። ያን ሁሉ ቀን ላይ ቤት አልጋ ላይ ሆና ለእኔ የሚሆን ውሸት ስትሠራ ነበር። ውሸት አልወድም ብዬ ጉንጯን የመታሁት እኔ።

እትዬ ስመኝ አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

በአማርኛ ነው የወጣው። ነርሷ አልገባትም። ኢሽራቅ ግን ገባት፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ዓይናችን ሲገጥም የመጀመሪያው ነው። በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «እናቷ ነኝ። እኔ ነኝ የመታኋት። በስልክ ገመድ። ያም የመጀመሪያው አይደለም።»

ነርሷ ቀስ ብላ ብዕሯን አስቀመጠች፣ ወንበር ሰጠችኝ። ቁጭ አልኩ። ኢሽራቅ ማልቀስ ጀመረች። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ያላለቀሰችው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። እኔ ልነሳ ስል ነርሷ እጇን ዘረጋችና፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰው ነው ያባበላት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

የልጆችን ጉዳይ የምታየው የካውንቲው ሴትዮ መጣች። ሽበታም፣ ትልቅ ቦት ጫማ ያደረገች። የኩሽናዬን መሳቢያ ሁሉ ከፈተች። ተናድጄ ነበር፤ ከዚያ የምመታበትን ነገር እንደምትፈልግ ገባኝ።

ኢሽራቅ እትዬ ስመኝ ጋ ትቆያለች። እኔ ማየት የምችለው እሳቸው ባሉበት ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ አንድ ምድር ቤት ውስጥ እጃቸውን መሰብሰብ ያልቻሉ ወላጆች የሚማሩበት ክፍል አለ። አሥራ አንድ ሰዎች ነን። አንዱ ትልቅ ሰውዬ ገና ስሙን ሲናገር አለቀሰ።

ሥራ ቦታ ለጊዜው እንዳልመጣ ተነግሮኛል። የኦልሰንንም ነገር ራሴ ነገርኳቸው። ስልኩ ተጠግኗል፤ ሎሚ ደውላ «ለምን?» አለችኝ። «ነገ አያለሁ ብለሽኝ የለ፤ እኔም አየሁ» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23

ሦስተኛ ጉብኝት። የእትዬ ስመኝ ኩሽና። እሳቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ እኔና ኢሽራቅ ጠረጴዛ ላይ። ኩኪ የመስኮት ፋብሪካ ስም በተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ ናት፤ ወፍራለች። የካሮት ቅጠል ይዤላት መጣሁ። ኢሽራቅ ተቀብላኝ ራሷ ሰጠቻት።

የሰውነት ክፍሎች ፈተና ዘጠና ሁለት አግኝታለች። ጥርሷ ይነቃነቃል። ወሬዋ ይሄ ነበር። ዝም ብዬ ሰማኋት። እጆቼን ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ በምታያቸው ቦታ፣ ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። ማንም አላስተማረኝም ይህን።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሴትዮዋ የሚቀጥለው ቅዳሜ ታች መውረድ ትችያለሽ አለችኝ። ከእትዬ ስመኝ ጋር፣ ለአንድ ሰዓት። ከፈለግኩ።»

«ትፈልጊያለሽ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «እሺ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። «ሶፋውን ገፍቼዋለሁ» አልኳት። «የስልኩ ገመድ በግድግዳው ከፍ ብሎ ነው ያለው አሁን፣ ኩኪ አትደርስበትም። ማሞቂያው ጋ ለኩኪ ቦታ አበጅቻለሁ፤ ድርቆሽም ገዝቻለሁ። መስገጃዬን መኝታ ቤት ወስጄዋለሁ። ቤት ውስጥ ትሁን። ለምን ይዘሻት አትመጪም?»

የእትዬ ስመኝ ቢላ ቆመ።

ኢሽራቅ ኩኪን አንስታ አቅፋ አሰበች። የጆሮዋን ጠርዝ በጣቷ ትዳብሳለች። መልሷን ስትፈልግ እንዳልጎዳኝ እየተጠነቀቀች እንደሆነ ታወቀኝ።

«አሁን እዚህ ትቆይ» አለችኝ። «መጀመሪያ እኔ ልሞክረው።»

«እሺ» አልኳት።